የአባቴን የፔስሜከር ውጤት ቁጭ ብሎ ላስረዳን ሐኪም ምስጋና

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስመታ ትንሽ ማሽን) የተተከለለት ሰው ካለ፣ ይህን አንብቡልኝ። አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አክብሬለታለሁ። የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ክሊኒኩን እነግረዋለሁ።

አባቴ ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ምልክት ወደ ታችኛው አልደርስ ብሎ ምቱ በጣም ስለወረደበት፣ አዲስ አበባ ባለ ሁለት ሽቦ ፔስሜከር ገባለት። በቅርቡ ለመደበኛ ምርመራ ወሰድነው። ባለሙያው የማንበቢያውን መሣሪያ ደረቱ ላይ አድርጎ አየው፣ ወረቀት አተመና «ጥሩ ነው፣ በቀጠሯችሁ ተመለሱ» አለን። ጥያቄ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረም። ወረቀቱን ቤት ስናየው «ኤኤፍ»፣ «ቪቲ»፣ «98 በመቶ» ይላል። እህቴ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ስትሮክና ድንገተኛ ሞት የሚሉ ነገሮች መጡባት። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል! አባቴም ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር በእግሩ መሄዱን ተወ።

እንግዲህ ይህ ሐኪም ወረቀቱን ከመግለጡ በፊት «አባባ፣ ራስዎን ስተው ያውቃሉ? ዳገት ሲወጡ ያፍንዎታል? እግርዎ ያብጣል?» ብሎ ጠየቀ። የእጁን ትርታ ይዞ ቆጠረ። ከአንገት አጥንቱ በታች ያለውን ጠባሳ መቅላትና እብጠት እንዳለው አየ። ከዚያ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ አራት ሳጥን ሣለ፣ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፤ እስክሪብቶውን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ነገረን።

በጣም ያስፈራን 98 በመቶው ነበር። ልቡ 98 በመቶ ሞቷል ማለት መስሎን ነበር። ለካ ከታችኛው ክፍል ምቶች ውስጥ 98 በመቶውን ያስጀመረው ማሽኑ ነው ማለት ነው። ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ለማያልፍለት ሰው ደግሞ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ የተተከለውም ለዚሁ ነው። የልብን ጉልበት የሚያሳየው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ነው። የአባቴ ኢኮ ልቡ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም 55 በመቶውን ይገፋል ይላል፣ እሱም ጤነኛ ከሚባለው ውስጥ ነው። ሆኖም የታችኛው ክፍል ለዓመታት በማሽን ሲመታ አንዳንድ ሰው ላይ ልብን ሊያደክም ስለሚችል፣ ኢኮው በየጊዜው እንዲደገም አዘዘ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም።

«ኤኤፍ» የተባለው የላይኛው ክፍል ለ4 ደቂቃ ያህል በጣም ፈጥኖ መምታቱን ነው። አባቴ ራሱ ምንም አልተሰማውም። ዶክተሩ እንዲህ አለው፦ «አባባ፣ የፋብሪካ ዘበኛ ሌሊት ያየውን ሁሉ መዝገብ ላይ ያሰፍር የለ? የጻፈው ሁሉ ሌባ ገባ ማለት ነው እንዴ?» አባቴ ሳቀ። ቤታችን ሳቅ ከተሰማ ሰንብቶ ነበር።

በዚህ ብቻ አላለፈውም። ማሽኑ አንዳንዴ የታችኛውን ክፍል ምልክት የላይኛው አስመስሎ ስለሚቆጥር፣ የተቀዳውን ሞገድ ሐኪም በዓይኑ ማየት አለበት አለን፤ የኛን አየና እውነተኛ ነው አለ። ይህ ፈጣን ምት ስትሮክ እንዳያመጣ ደም ማቅጠኛ ይጀመር እንደሆነ ጠየቅነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች እንዲህ ያለው ምት 6 ደቂቃና ከዚያ በላይ የቆየባቸውን ሰዎች ያዩ መሆናቸውን፣ በአንደኛው መድኃኒቱ ስትሮክን ቢቀንስም በሁለቱም ከባድ መድማት መጨመሩን አስረዳን። ስለዚህ ለ4 ደቂቃ አሁን አይጀመርም፤ ግን ሰዓታት መቆየት ከጀመረ፣ በተለይ 24 ሰዓት ካለፈ፣ ከዕድሜውና ከደም ግፊቱ ጋር ተደምሮ ውሳኔው ይለወጣል። ጎረቤት «አስፕሪን ይዋጥ» ብሎን ነበር። እሱን በግልጽ ከለከለ፤ ከዚህ ፈጣን ምት ለሚመጣ ስትሮክ መከላከያ አይሆንም፣ ጨጓራ ያደማል።

«ቪቲ» የተባለው ደግሞ ከታችኛው ክፍል የተነሱ 6 ፈጣን ምቶች ናቸው፣ በራሳቸው የቆሙ። የልብ ጉልበት ደህና ለሆነ ሰው እንዲህ ያለው አጭር ነገር ብዙ ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። ግን የመድኃኒቱን ከረጢት አስከፍቶ ሲያይ ለግፊቱ የሚወስደውን ሽንት የሚያሸና ክኒን አገኘ። ክኒኑ ፖታሲየም ሊያወርድ ይችላል፣ የወረደ ፖታሲየም ደግሞ እንዲህ ያለ ምት ይቀሰቅሳል ብሎ የደም ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ ዝቅ ያለ ሆነና መድኃኒቱን አስተካከለለት። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ፈልጎ ማግኘቱ።

ስንወጣ አባቴን እንዲህ አለው፦ ራስ መሳት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል፤ ጠባሳው ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ሳይዘገዩ መምጣት፤ ስልክ ከማሽኑ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ በደረት ኪስ አለመያዝ። መራመዱን ደግሞ ይቀጥሉ አለው። አባቴም ጣና ዳር መሄዱን ጀምሯል።

ዶክተር፣ ይህን ካነበብከው ከመላ ቤተሰባችን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

የምትሄዱ ሰዎች የመጨረሻውን የፔስሜከር ሪፖርት፣ ሲተከል የተሰጣችሁን ካርድ፣ የቅርቡን ኢኮና የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስለሚሰጥ ወረፋው ይረዝማል፣ በጠዋት ድረሱ።