አንድ የሽንት ቤት ዝቃጭ ማጣሪያ ጣቢያ ሲመዘን፦ ጠጣሩ ተይዟል፣ ውሃው አምልጧል

ይህን የከተማ ዝቃጭ ማጣሪያ ጣቢያ በሁለት የተለያዩ ቀናት ጎብኝቻለሁ፤ አንዱን ቀን ሆን ብዬ የመረጥሁት ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው የተጠረገ ግቢና የተቀባ አጥር ነው። እንዲህ ያለ ተቋም የሚመዘነው ግን መኪና ጭኖ ካስገባው ዝቃጭ ምን ያህሉ በእርግጥ ታክሞ እንደሚወጣ ታይቶ ነው፤ በዚህ ሚዛን ጣቢያው ጠጣሩን በአጥጋቢ ሁኔታ ይይዛል፣ ፈሳሹን ግን በቸልታ ይለቃል።

በር ላይ ያለው መዝገብ እያንዳንዱ መጣጭ መኪና የገባበትን ሰዓትና የታንከሩን መጠን ይዟል። ይሁን እንጂ መኪናው ሙሉ ሆነ ጎዶሎ የሚጻፈው የታንከሩ ሙሉ መጠን ስለሆነ፣ ከዓመቱ ድምር ተነሥቶ ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ወይም በታች ሠርቷል ማለት አይቻልም። ዝቃጩ ከየት እንደተመጠጠም የሚጠይቅ የለም። ከሕዝብ መጸዳጃ በየጥቂት ቀኑ የሚመጠጥ ትኩስ ዝቃጭ በቀላሉ አይዘቅጥም፣ ውሃውንም ቶሎ አይለቅም፤ በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ለዓመታት የቆየው ደግሞ በአብዛኛው ጠባዩ የተገራ ነው። ሁለቱ በምን መጠን እንደሚደባለቁ ካልታወቀ ጠጣሩ ወደ ታች ሰጥሞ ከውሃው የሚለይበት የማዝቀጫ ገንዳው ሥራ በዕድል ላይ ይወድቃል።

የብረት ማጥለያው ላይ አንድ ሠራተኛ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐርና አንድ እግር ነጠላ ጫማ በመንሽ እየጎተተ ያወጣ ነበር (ወደ ጉድጓድ ጥለን የረሳነው ሁሉ እዚህ ተራውን ይጠብቃል)። ሥራውን በትጋት ይሠራል፤ የጎማ ጓንቱ ጣቶች ግን ተቀደዋል፣ ይህም በእንዲህ ያለ ቦታ እንደ ቀላል ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። ማዝቀጫ ገንዳዎቹ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጸዳል፤ ተራው ተጠብቆ አግኝቼዋለሁ።

የጣቢያው ጥንካሬ ማድረቂያ መደቦቹ ናቸው። በጠጠርና በአሸዋ ላይ የሚፈሰው ዝቃጭ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ ካልደረቀው ላይ አዲስ አይጨመርም፤ ዝቃጩ በሚወርድበት ቦታም አሸዋው እንዳይቦረቦር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። የደረቀው እንደ ክረምት ጭቃ በበጋ ተሰነጣጥቆ በአካፋ በቀላሉ ይነሣል። ችግሩ ከእያንዳንዱ አካፋ ሥር አሸዋ አብሮ መውጣቱ ነው፤ አንደኛው መደብ ላይ ጠጠሩ ብቅ ማለት ጀምሯል፣ የሚተካ አሸዋም በግቢው አላየሁም። ጣሪያ ስለሌለውም ከዝናቡ በኋላ ደርቀው የነበሩት መደቦች እንደገና ላቁጠዋል።

ለዓይን የደረቀ ዝቃጭ ከበሽታ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ በተለይ የወስፋት እንቁላል ከደረቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሕያው ሆኖ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለእርሻ የሚውል ዝቃጭ በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት ከአንድ የትላትል እንቁላል በላይ እንዳይኖረው ያሳስባል፤ ሌላ ሕክምና ከሌለም የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነበት ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል። እዚህ ያሉት ክምሮች ቀን አልተጻፈባቸውም። አንዱ ክምር መቼ እንደተከመረ ሁለት ሠራተኞችን ብጠይቅ፣ አንዱ «ከክረምቱ በፊት»፣ ሌላው «ባለፈው ወር» አሉኝ።

ከመደቦቹ የሚንጠባጠበውና ከማዝቀጫው የሚተርፈው ውሃ ወደ ተከታታይ ኩሬዎች ይሄዳል። የመጨረሻው ኩሬ አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚያድግ ደቃቅ አረንጓዴ ሕይወት) አረንጓዴ ሊያደርገው ሲገባ ቡናማ ነው፤ ከሥሩም አረፋ ይፍለቀለቃል፣ ይህም ጠጣር ወደዚያ ድረስ አልፎ መጠራቀሙን ይጠቁማል። በዝቃጭ ውስጥ የሚበዛው አሞኒያ አልጌን ስለሚጎዳ፣ ለተለመደ የፍሳሽ ውሃ የሚበቃ ኩሬ ለዚህ ላይበቃ ይችላል።

የክትትሉ ነገር ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው። የአንድ መኪና ጭነት ሲራገፍ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ጥግግቱ ስለሚለያይ ናሙናው ከሦስቱም ተወስዶ መቀላቀል ነበረበት፤ በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ የተሰለፉት ጠርሙሶች ግን ሁሉም «መውጫ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል፣ ከመግቢያው የተቀዳ አንድም አልነበረም።