የሪቻርድ ታከር ራዳሜስ፦ የ1955ቱ «አይዳ» ዛሬም ይገዛል?

«አይዳ» በግብጽ ስለተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚተርክ የጣሊያናዊው አቀናባሪ ቬርዲ ኦፔራ ነው። በ1955ቱ ቅጂ ሽፋን ላይ ጎልታ የምትታየው አይዳን የምትዘፍነው ማሪያ ካላስ ናት። ቅጂውን የሚያስገዛው ግን ግብጻዊውን የጦር አዛዥ ራዳሜስን የሚዘፍነው የብሩክሊኑ ቴኖር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ሪቻርድ ታከር ነው። የተቀዳው ነሐሴ 1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሚላን ውስጥ ከላ ስካላ ኦፔራ ቤት ኦርኬስትራና መዘምራን ጋር ሲሆን፣ መሪው ቱሊዮ ሴራፊን ነው። የግብጽ ልዕልት አምኔሪስን ፌዶራ ባርቢየሪ፣ የአይዳን አባት የኢትዮጵያውን ንጉሥ አሞናስሮን ቲቶ ጎቢ ይዘፍናሉ።

ታከር የሐር ገበር እየሸጠ በምኵራብ መሪ ዘማሪነት ያገለግል ነበር፤ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የገባው ጥር 1945 ነው። ምኵራቡ ሁለት ነገር ትቶለታል፦ ከታች እስከ ላይ የማይሳሳ፣ ቃሉ ጥርት ያለ ድምፅ፤ እና በቃላት መሃል ሲቃ የመጨመር አመል። ሁለተኛው ብዙ ቦታ ይበዛል።

ራዳሜስን የሚፈትነው «ቼሌስቴ አይዳ» የተባለው አሪያ (ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ) ነው። መጋረጃው ከተከፈተ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ጉሮሮ ሳይሟሟቅ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ያለውን ቢ ፍላት የተባለ ከፍተኛ ኖታ ቬርዲ እየከሰመ እንዲጠፋ ነው የጻፈው። እዚያ ከፍታ ላይ ድምፅ ማሳነስ ትንፋሽን ሳይለቁ ግፊቱን መቀነስ ይጠይቃል፤ ትንፋሹ ከተለቀቀ ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም ይወርዳል። የኦርኬስትራ መሪው ቶስካኒኒ በ1949 በመራው የ«አይዳ» ስርጭት ታከር ቬርዲ የፈቀደውን መውጫ ተጠቅሟል፤ ቢ ፍላቱን ዘፍኖ የመጨረሻዎቹን ቃላት አንድ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ) ዝቅ አድርጎ ይደግማቸዋል። ለስላሳ ፍጻሜ የሚወድ ለዚህ አሪያ ያንን ይያዝ።

የ1955ቱ ብልጫ ሦስተኛው ክፍል፣ ዓባይ ዳር ነው። አይዳ ሠራዊቱ በየት እንደሚያልፍ ትጠይቃለች፤ ራዳሜስ «የናፓታ ሸለቆ» ይላል፤ ተደብቆ ያዳመጠው አሞናስሮ ብቅ ይላል። እዚህ የታከር ሲቃ ቦታውን ያገኛል፤ ክብሩን ያጣ ወታደር ነዋ። ምስጢር አውጥቷልና ለግብጹ ሊቀ ካህናት እጁን ሲሰጥ የሚዘፍነው «ዮ ሬስቶ ኣ ቴ» ብቻውን የገንዘቡን ዋጋ ያወጣል። ካላስ በበኩሏ ቃሉን ሥጋና ደም ታለብሰዋለች፤ «ኦ ፓትሪያ ሚያ» በተባለው አሪያዋ ላይ ያለው ከፍተኛ ኖታ ሲ ግን ይንቀጠቀጥባታል።

በነገራችን ላይ ኦፔራው በ1871 ካይሮ ላይ ሲታይ ያዘዘው ከዲቭ (የግብጽ ገዥ) ኢስማኢል ነበር። መድረኩ ላይ ኢትዮጵያውያን ይሸነፋሉ፤ የከዲቩ እውነተኛ ጦር ግን በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ተመታ።

ቅጂው ሞኖ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የተቀዳ) ነው። ከዋርነር የ2014 እትም ጀምሩ፤ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ የታደሰ ነው። አሮጌ ሸክላ የምትገዙ፣ ማጉያው ላይ የሞኖ ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ የስቲሪዮ መርፌ ከሸክላው የሚያመጣውን ጫጫታ ይቀንሳል። ሽፋኑ ላይ ሞኖው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወደ ስቲሪዮ ተለውጧል የሚል ካነበባችሁ ተዉት፤ ድምፁን ያደበዝዘዋል። የድል ሰልፉ ላይ መዘምራኑና የነሐስ መሣሪያዎቹ ይጨናነቃሉ፤ ይህን ማጫወቻችሁ አያስተካክለውም። የድምፁን መጠን በዚያው ትዕይንት ለኩና አትንኩት። በመጨረሻው የመቃብር ትዕይንት ያለው «ኦ ቴራ አዲዮ» ድምፁ በጣም ዝቅ ስለሚል ከፍ ማድረግ ያምራችኋል፤ ያኔ የቴፑ ሽውታ ከታከር ትንፋሽ በላይ ይሰማል።