ከአያት እስከ ለገጣፎ፦ የሕፃናትና የወጣቶች አገልግሎት በወረዳ መስኮት

ከአያት አደባባይ ወጥቶ ለገጣፎ የሚገባ ሰው አንድ ታክሲ ይዞ ሁለት መንግሥት ያቋርጣል። ወዲህ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው፤ ወዲያ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል የተቋቋመው ሸገር ከተማ። በአስኮና በቡራዩ መካከልም እንዲሁ ነው። እዚህ ዳርቻ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ቤቱ በአንዱ፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ በሌላው መሆኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን የምንመዝነው አንዱ ቢሮ የጀመረውን ሌላው ተቀብሎ ይጨርሰዋል ወይ በሚል ነው። መስኮቶቹ ለየብቻቸው ሲታዩ ከሚወራባቸው ይሻላሉ። በመካከላቸው ግን ፋይሉን ተሸክሞ የሚዞረው ወላጁ ነው፤ ከአምስት ሦስት የሰጠነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በልደት ምዝገባ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። ስምና ዜግነት ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የተጻፈ የልጅ መብት ነው። በአዋጅ 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሚያስፈልገው የወላጆች መታወቂያና ጤና ተቋሙ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው፤ ምዝገባው የሚካሄደው ልጁ በተወለደበት ሳይሆን ወላጆች በመደበኛነት በሚኖሩበት ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ወልዳ ለገጣፎ የምትኖር እናት ማሳወቂያውን ከሆስፒታሉ ትቀበላለች፤ የምታስመዘግበው ግን ለገጣፎ ነው። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ወረዳ ሄዳ ብትሰለፍ ቀኑ በከንቱ ያልፋል።

ከዚህ የባሰው የመሸኛ ጉዳይ ነው። ዳር ላይ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው፤ መታወቂያው ገና ከድሮው ወረዳ አልወጣም። አዲሱ ወረዳ መሸኛ ሳያይ መታወቂያ አይሰጥም፤ መታወቂያ ከሌለ ልደት አይመዘገብም። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ከወሊድ በኋላ ከሆነ 90ው ቀን አራስ ቤት ውስጥ ያልቃል። መሸኛውን በእርግዝናው ወራት ማውጣት ነው መፍትሔው። ቀኑ ቢያልፍም ምዝገባው አይቀርም፤ «የዘገየ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ተጨማሪ ማስረጃ ግን ይጠየቃል።

ሰርተፊኬቱን ከመስኮቱ ሳይለቁ ማንበብ ይገባል። ወዲህ ስም በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ወዲያ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል። ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ በአንድ ፊደል ትጀምራለች፤ በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ግን በሁለት። ከስምንት ዓመት በኋላ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀርቡ የሁለት ልጆች ሰነድ ይመስላሉ። የልደት ዘመኑም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሕፃኑን ገና ሳይደርስ አንደኛ ክፍል ያስገባዋል፣ ወይም ደርሶ ሳለ ያስቀረዋል።

የትምህርት ቤት ምገባው ከሁሉ የተሻለ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከቅድመ መደበኛ እስከ 8ኛ ክፍል የተመዘገበ ልጅ ቁርስና ምሳ ያገኛል፤ የድህነት ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚጠይቅ የለም። ልጅን በክፍል ጓደኞቹ ፊት «ችግረኛ» ብሎ የማይለይ አሠራር በመሆኑ ከልብ እናመሰግናለን። የሚያሰጋው ውኃ ነው፤ ዳርቻው ላይ ውኃ በፈረቃ ነውና ወላጅ ኮሚቴዎች ከምግብ ዝርዝሩ በፊት ስለ ታንከሩ ይጠይቁ። ልጅ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያዛውሩ ደግሞ 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ባያደርጉት ይመረጣል፤ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ክልሉ ወይም ከተማው ራሱ ነው።

ቅንጅቱ በግልጽ የሚላላው በ15 እና በ17 ዓመት መካከል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ሕፃን የሚባለው ደግሞ 18 ያልሞላው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፣ ሁለተኛው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሥራ ነው። ትምህርት አቋርጦ የታክሲ ረዳት የሆነ የ16 ዓመት ልጅ በሁለቱም መዝገብ መኖር ሲገባው በአንዱም የማይገኝበት ጊዜ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይህ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይችልም። ይህን ማን ይቆጣጠርለታል? የሚሠራው ዘዴ ከማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ አውጥቶ፣ ለትምህርት ቤቱና ለወጣቶች ጽሕፈት ቤት ግልባጭ እንዲደረግ መጠየቅ ነው። ግልባጭ የደረሰው ቢሮ «አላውቅም» ማለት ይቸግረዋል።

የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላት ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ስፖርት፣ ምክር በአንድ ግቢ። አዳራሹ ለስብሰባ በተያዘ ቁጥር ግን ወጣቱ በር ላይ ይቀራል፤ ሠርቶ የሚመለሰው ልጅ ከ12 ሰዓት በኋላ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

በልጅ ላይ የወሲብ ጥቃት ሲደርስ ወሰን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ልጁን አታጥቡት፤ ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጉት፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃ ያበላሻል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ፤ ልጁ ታሪኩን በየቢሮው እንዳይደግም የተዘጋጀ ነው። ከሽምግልና በፊት ወደዚያ ይኬድ። የሽማግሌ ዕርቅ ወንጀሉን አይሽርም፤ ያጠፋው ሰዓት ግን አይመለስም።

መስኮቱ ሲዘጋባችሁ፦ በየጽሕፈት ቤቱ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚፈጀውን ጊዜ ይናገራል። እሱን ጠቅሳችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ። ከዚያ በላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የፌዴራልም የክልልም አስፈጻሚ አካል ይመለከተዋል፤ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀበላል። ከአያትም ከለገጣፎም የመጣ ወላጅ አንድ ወረፋ የሚይዘው እዚያ ነው።