ድሬ ላይ 17 አምፔር፣ ሐረማያ ላይ 30፦ ከመኪናዬ ባትሪ ቻርጀር ጋር ስምንት ወር

የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ድሬ፣ ሐረር፣ ባቢሌ፣ አንዳንዴም ጅግጅጋ። ማደር ስለማይቀር የሃያስ ሚኒባሴን የኋላ ወንበሮች ነቅዬ አልጋና ፍሪጅ ገጥሜባታለሁ። ፍሪጁን፣ መብራቱንና የካሜራ ባትሪዎቹን የምትችል ሁለተኛ ባትሪም ከኋላ አለች።

በፊት ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኛቸው ተራ ሪሌይ ነበር። ሞተር ሲነሳ ያገናኛል፣ ሲጠፋ ይለያል። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም። ግን ከድሬ ሐረር መንገዱ አጭር ነው፤ አሲድ ባትሪ ደግሞ 80 በመቶ ግድም ከሞላ በኋላ ይለግማል። የቀረችውን ለመጨረስ ሰዓታት ይፈልጋል። እኔ ሐረር ሸዋ በር ስደርስ ሞተር አጠፋለሁ። እንዲህ ሁልጊዜ ጎደሎ ሆና የምታድር አሲድ ባትሪ ውስጧ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርባታል። በሁለት ዓመት ሁለት ቀበርኩ።

ጥቅምት ላይ ቆረጥኩ። 30 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ሞተር ሲሠራ ከፊተኛው ባትሪ ወስዶ የኋላዋን የሚሞላ ዕቃ) ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ በሻንጣው አመጣልኝ። ባለ 100 አምፔር ሰዓቷን (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ሊቲየም ባትሪ ግን በሻንጣ አውሮፕላን ስለማይጭናት እዚሁ ፈልጌ ገዛሁ። ሊቲየም ሆዳም ናት። በሪሌይ ብቻ ብትገናኝ ከዲናሞው ያለውን ሁሉ ትጎትታለች፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው በቂ አየር ስለማያገኝ እስከ መቃጠል ይደርሳል። ቻርጀሩ 30 ላይ ይገድባታል፣ ቮልቱንም ለእሷ በሚስማማት ልክ አስተካክሎ ይሰጣል።

የገጠመልኝ ልጅ ባለ 6 ሚሊ ካሬ ሽቦ ዘረጋ። ቀጠነ ስለው «አቦ ይበቃል፣ ምን አስጨነቀህ!» አለኝ። አልበቃም። ቻርጀሩ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። በቴስተር ስለካው ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ ባለው 4 ሜትር ወደ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ቻርጀሩ ቮልቱ ሲወርድበት ሞተር የጠፋ ይመስለዋል፣ ያቆማል፤ ጭነቱ ሲቀልል ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ሽቦውን በ16 ሚሊ ካሬ ቀየርኩ፣ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ፊውዝ አስገባሁ፣ ሞተር መነሳቱንም በቮልቱ ሳይሆን ከመኪናዋ ቁልፍ በሚመጣ ሽቦ እንዲያውቅ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም።

ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው። ቻርጀሩን ያስገባነው አልጋው ሥር ካለው ሳጥን፣ ከብርድ ልብስ ጋር ነበር። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከድሬ ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ሳየው 17 አምፔር ብቻ። ዳር ይዤ ሳጥኑን ከፍቼ እጄን ባሳርፍበት ሁለት ሴኮንድ አልቻልኩም፤ የእንጀራ ምጣድ ሆኗል። ብልሽት አይደለም፤ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ራሱን ለማዳን አምፔሩን ይቀንሳል። የደንገጎን ዳገት ስወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ቁጥሩም አብሮኝ ወጣ፤ 21፣ 24፣ ሐረማያ ጋ ስደርስ 30። (የባትሪዋ መመሪያ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንዳትቻርጁ ይላል። ለድሬ ሰው!)

አሁን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ብረቱ ላይ፣ ክፍት ቦታ ተሰቅሏል፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ማራገቢያም አለችው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከ26 ወርዶ አላየሁትም። ሐረር ደርሼ ሳየው 35 አምፔር ሰዓት ያህል ገብቷል፤ የፍሪጁ የአንድ ቀን ቀለብ ማለት ነው። በሪሌዩ ዘመን የዚህን ግማሽ አላይም ነበር። ባትሪዋም ከአሲዷ በግማሽ ትቀልላለች፤ ብቻዬን አነሳታለሁ።

መኪናዋ ካልሄደች ግን ቻርጀሩ ጌጥ ነው። ረመዳን ላይ ሰርግ ስለሌለ ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር አቁሜያት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ፍሪጁ ጠፋ፤ የእናቴ ቅቤ ቀለጠ፣ እስካሁን ይነሳብኛል። ጣሪያዋ ላይ 100 ዋት ሶላር ልሰቅል አስቤያለሁ። ሶላሩ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ባትሪዋና ቻርጀሩ ደግሞ ጥላ። ድሬ ላይ የት እንደማቆማት ገና አልወሰንኩም።