ጢስ አባይ ላይ ላሳደሩን ቤተሰብ፣ እግዜር ይስጥልን

አባቴ ከአገር ከወጣ 31 ዓመቱ ነው። ኑሮው ሜሪላንድ ነው። ለመስቀል ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ ተማሪ ሳለ ያየውን ጢስ አባይን እንደገና ማየት።

ባሕር ዳር ስንደርስ ቀድመን የያዝነው ሆቴል ክፍላችንን ለሌላ ሰጥቶ ጠበቀን። በዓል ሰሞን ስለሆነ ሌላም አጣን። ያመጣን ሾፌር ግራ መጋባታችንን አይቶ "ጢስ አባይ አክስቴ ቤት እንግዳ ያሳድራሉ፤ ለምን እዚያው አታድሩም?" አለን። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ስንደርስ መሽቷል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ልጅ ሆኖ እንደሚያውቀው፣ "የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን" አለ። ከውስጥ "ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!" የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ እዚያው እንባው መጣ።

የቤቱ እመቤት ገና ሳንቀመጥ ውሃ አሞቁ። ሳፋውን አባቴ እግር ስር አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። "ኧረ ተይው እህቴ፣ አይሆንም" ቢልም አልሰሙትም። "በሞቴ! እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይተኛም" ብለው ተረከዙን በመዳፋቸው እያሹ አጠቡት። የስኳር በሽታ ስላለበት ጣቱ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረው። እኛ ልጆቹ አላየነውም። ያዩት እሳቸው ናቸው። በንጹሕ ጨርቅ አደራረቁለትና "ነገ ይህን ሐኪም ይየው" አሉኝ በጆሮዬ። ለዚህች ብቻ ብዬ ይህን ሁሉ ብጽፍ አይበዛም።

አርብ ስለነበር እራቱ ሽሮና ጎመን ነው። ከዚያ የተጠበሰ እሸት በቆሎ፣ ከዚያ ቡና። መኝታችን መደብ ላይ ነው፤ ጀንዲ ተነጥፎ፣ ከላይ የታጠበ ጋቢ። መብራቱ ሲጠፋ የወንዙ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አባቴ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያዳምጥ ነበር መሰለኝ፤ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ።

ጠዋት ወደ ፏፏቴው የወሰደን አስረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ነው። ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የቆመውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ሲሻገሩ የአባቴን ክንድ አልለቀቀም። ወንድሜ ፎቶ ለማንሳት ወደ ገደሉ ጠርዝ ሲጠጋ "ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጋሼ፣ ይመለሱ" ብሎ ቆጣ አለ። ደስ አለኝ። ለመመለስ ስንነሳም "አሁን አይደለም፤ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትመጣበት ነው" ብሎ አስቆመን። ልክ ነበር። ጢሱ ላይ ቀስተ ደመናው ወጣ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ለምትሄዱ፦ ከተቻለ ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ ሂዱ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በሌላ በኩል ስለሚወስድ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ከሩቅ መጥቶ ከፍቶት ይመለሳል። ባትሪ ያዙ፤ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ሻወር የለም፤ ውሃ ግን አሙቀው ይሰጧችኋል።

ሒሳብ ስንጠይቃቸው "የእጃችሁን" አሉ። እባካችሁ ይህን ሰምታችሁ ትንሽ አትስጡ። እኛ ሆቴሉ ሊያስከፍለን የነበረውን ነው የከፈልነው፣ በእጃቸው። ደላላ መሀል አታስገቡ። በጾም ቀን እንደምትደርሱ ካወቃችሁ ዶሮ አምጡልን አትበሏቸው፤ ለእናንተ ብለው ይቸገራሉ። ቡና ወይም ስኳር ይዛችሁ ብትገቡ ደስ ይላቸዋል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ ስላልፈለጉ። የእውነት መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሾፌሩን አገናኛችኋለሁ።

የአባቴ ጣት ድኗል። ከሜሪላንድ በደወለ ቁጥር "ለእኅቴ ነግራችሁልኛል?" ይለኛል። የምትሄዱ ካላችሁ፣ እግሩን ያጠቡት ሽማግሌ ደህና ነው ብላችሁ ንገሩልኝ።