የደሴው የማታ እንግሊዝኛ፦ ጆሮ ያቀናል፣ ምላስ ያበላሻል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የማታ እንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች በአንዱ «ዘመናዊ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ» የሚባለውን የሁለት ወር ትምህርት ጨርሻለሁ። ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ከተማችን ጠባብ ናት፣ መምህሩም ደግ ሰው ነው። ክፍያው 3,000 ብር ሲሆን ሞጁሉ ለብቻው ይሸጣል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግር የለም።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ትራንዚተር (የጉምሩክ አስተላላፊ) ቢሮ ውስጥ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ደረቅ ወደባችን እስኪገባ ድረስ ከመርከብ ወኪሎች፣ ከሕንድ ላኪዎችና ከቻይና ፋብሪካዎች ጋር የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ገጥሞኝ አያውቅም። ኮንቴይነሩ በቀነ ገደቡ ካልተነሣ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። ስለዚህ በእኛ ቤት ጥሩ እንግሊዝኛ ማለት የቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነዱን) ቁጥር፣ ቀኑንና ሥራውን የሚሠራውን ሰው ለይቶ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥሩውን ላስቀድም። የማዳመጥ ክፍለ ጊዜው ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መምህሩ የናይጄሪያ፣ የሕንድ፣ የቻይናና የስኮትላንድ ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል፤ እኛ ቁጥርና ቀን ለቅመን እንጽፋለን። የሳተውን ተማሪ አያሳፍርም፤ የሳተበትን ቦታ ፈልጎ ቀስ አድርጎ ይደግምለታል። «ፊፍቲን»ን ከ«ፊፍቲ» መለየት በእኛ ሥራ ስንት ገንዘብ እንደሚያድን የሚያውቀው ያውቀዋል። ትምህርቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምስቱንም እሰጥ ነበር።

ሞጁሉ ግን ሌላ ነው። «እጽፍልዎታለሁ» ማለት ያረጀ ነው ይልና በምትኩ «አይ አም ሪቺንግ አውት» በሉ ይላል። «እንደዋወል» ቀርቶ «ሌትስ ታች ቤዝ»፤ «እጠቀማለሁ» ቀርቶ «አይ ሌቨሬጅ»፤ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ሲመጣ «አይ ዊል ሰርክል ባክ» (ዞሬ እመለስበታለሁ)፤ ማሳረጊያው ሁልጊዜ «ጎይንግ ፎርዋርድ» (ከእንግዲህ ወዲያ)። «ታች ቤዝ» ከቤዝቦል ሜዳ የመጣ አባባል ነው፤ ከክፍላችን ቤዝቦል ሲጫወቱት ያየ ሰው አልነበረም። «ሪች አውት»ን ደግሞ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1979 በማስታወቂያው ሲያስነግር ርቆ ላለ ወዳጅ ዘመድ ደውሉ ለማለት ነበር። ለናፈቀ ዘመድ ያምራል፤ ለአንድ ኮንቴይነር የመኪና ጎማ ምን ያደርጋል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሰርክል ባክ» ነው። ቀን የለውም። «ሐሙስ ከቀትር በፊት እመልሳለሁ» ያለ ሰው ሐሙስ ቀትር ላይ ይጠየቃል፤ «ሰርክል ባክ» ያለውን ግን መቼ ይዘው ይጠይቁታል? አብራን የምትማር፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ይህንኑ ለቻይና ጨርቅ አቅራቢ ጻፈች። የመጣላት መልስ «ዕቃው ለምን ይመለሳል? ጉድለቱ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ መምህሩም ሳቀ፤ ሞጁሉ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

እኛ ወሎዎች ዙሪያ ጥምጥም አናውቅም አልልም። ሰላምታችን ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናሙን ሳይጠይቅ አያልቅም። ሆኖም ሰኞ ገበያ በግ ሲጠየቅ ዋጋው ይነገራል።

የክፍሉ ወጣቶች ደግሞ በየትንፋሹ «ላይክ»፣ በየነገሩ «ሊተራሊ» (ቃል በቃል) ይላሉ። የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ማንሣትም አለ፤ አንዱ ልጅ ስሙን ሲነግረን እንኳ እኛን የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ «ሊተራሊ»ን ለማጋነን መጠቀም በእንግሊዝኛ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ የዛሬ ልጆች አላመጡትም። በእኛም ሬዲዮ «ማለት ነው» ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ሞልቷል። ልማድ ይዞት የሚያወራውን አልከስስም፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስተምረውን ነው የምወቅሰው።

ሽፋኑ ላይ «ዓለም አቀፍ የሥራ ቋንቋ» ተብሎ ተጽፏል። የቋንቋው ባለቤቶች ግን በዚህ ዓይነቱ አነጋገር ከተሰላቹ ቆይተዋል። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ያለው ሌክ ሱፔሪየር ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በየአዲስ ዓመቱ ይባረሩ የሚባሉ ቃላትን ዝርዝር ያወጣል፤ ጥቆማው ከሕዝብ ነው የሚመጣው። እንግሊዝ አገር ክሪሲ ማኸር የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ፓርላማው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የመንግሥት ቅጾችን ቆራርጣ የግልጽ እንግሊዝኛ ዘመቻ ጀመረች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2010 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚጽፉት ግልጽ እንዲሆን በሕግ አዘዘች። እነሱ በሕግ የሸሹትን እኛ ከፍለን እንማረዋለን።

ለመምህሩ አነሣሁለት። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው» አለኝ፤ «ግን እነዚህ ልጆች ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ጠያቂው የሚወደው ይህንን ነው።»

«መምህር፣ የእኛም ቢሮ እኮ ይቀጥራል» አልሁት። አለቃዬ በቅርቡ «ሲነርጂ» እና «ሌቨሬጅ» የታጨቀበትን ማመልከቻ አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ «ፓኪንግ ሊስት (የዕቃ ዝርዝር) ማንበብ ይችላል?» ብሎ ነው። ከሁለቱ ገጽ ውስጥ መልሱን ፈልገን አጣነው። መምህሩ «በሚቀጥለው ዙር ግልጽ ደብዳቤ የሚጻፍበት ምዕራፍ እጨምራለሁ» ብሎኛል። ከጨመረ አራተኛውን ኮከብ እሰጣለሁ።

ከኮምቦልቻ ለምትመጡ፦ ትምህርቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ የሐረጎን አቀበት ለመውጣት ጊዜ ያዙ። ወፍራም ሹራብም አትርሱ፤ ኮምቦልቻ የለበሳችሁት ደሴ ላይ አይበቃም፣ የኋላው መስኮትም አይገጥምም። ለማዳመጥ ክፍለ ጊዜው ብቻ በግማሽ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል፤ ገንዘብ ያዧ ካልተጠየቀች አትናገርም።