የማዕበል ፊን፦ አጭር ወይስ ረጅም? ለስላሳ ወይስ ጠጣር?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ ደወለልኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ወንድሙ ጋ ሊሄድ ነው። እዚያ ማዕበል ላይ መጫወት አምሮታል። «አቦ፣ ፊን ከታይዋን ገዝቼ ልሂድ ወይስ እዚያው ልግዛ?» አለኝ። ፊን ማለት ለመዋኘት እግር ላይ የሚጠለቀው፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለው መቅዘፊያ ነው። ታይዋን ያለው የኛን የድሬውን ገበያ ነው። እዚያው ግዛ አልኩት። ምክንያቱን በስልክ አልጨረስንም። እዚህ ልጻፍለት፤ ለሌላውም ይጠቅማል።

ለድሬ ሰው ባሕር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ጅቡቲ ነው። ባቡር ተሳፍሮ መውረድ ነው። ግን የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ብዙውን ጊዜ የረጋ ነው። ሰው እዚያ የሚገባው መነጽር አድርጎ ዓሣና ኮራል ለማየት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ አርታ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ረጅሙ ፊን ልክ ነው። ቀስ እያላችሁ፣ ሳትደክሙ፣ ሩቅ ይወስዳችኋል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

ማዕበል ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ፈጣን ግፊት ያስፈልጋል። ካልደረሳችሁ ጥሏችሁ ያልፋል። ለዚህ የሚሠራው ፊን አጭርና ጠንካራ ጎማ ነው፤ ከጫማችሁ ብዙም አይረዝም።

ይህን የተማርኩት በራሴ እግር ነው። ወንድሜን ልጠይቅ ደርባን ስሄድ ከዚህ ረጅም ፊን ይዤ ሄድኩ። ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር። ማዕበሉ ፊቴ ላይ ፈረሰ። ተመልሶ ወደ ባሕሩ ሲሳብ የፊኑ ጫፍ አሸዋው ውስጥ ተቀረቀረና ከእግሬ ሥር ታጠፈ። ልቁም ብል አልቻልኩም። ሁለተኛው ማዕበል አንከባለለኝ። ስወጣ ተረከዜ ተልጦ ነበር፤ በፕላስቲኩና በቆዳዬ መሃል አሸዋ ገብቶ እንደ ሞረድ ፍቆታል። ቀሪውን ሳምንት በነጠላ ጫማ እያነከስኩ ጨረስኩት።

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ የምትጫወቱትን ለዩ።

ቦዲቦርድ ደረት ሥር በሚያዝ አጭር የፎም ሰሌዳ ላይ ተኝቶ ማዕበል መጋለብ ነው። ሰሌዳውን የዛሬውን መልክ ያስያዘው ቶም ሞሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ላይ። እዚህ ሰሌዳው ስለሚያንሳፍፋችሁ እግራችሁ የሚሠራው መግፋትና አቅጣጫ መያዝ ብቻ ነው። አጠር ያለ ፊን ይበቃል። አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው ሌላውን እግር ሰሌዳው ላይ አቁመው ለሚጋልቡ ደግሞ ማጠሩ ግዴታ ነው፤ ረጅሙ ሰሌዳው ላይ ቦታ ያጣል።

ቦዲሰርፍ ሰሌዳ የለውም። ሰሌዳው ሰውነታችሁ ነው። ስለዚህ ማዕበሉን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ሁሉ ከእግር ይመጣል። እዚህ ትንሽ ሰፋና ጠጠር ያለ ፊን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ስማቸው ከሚጠራው መካከል አራቱን ላነጻጽር። ቸርችል ማካፑ የዶልፊን ጭራ ይመስላል። የጀመረው ኦወን ቸርችል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሎምፒክ በጀልባ ውድድር ወርቅ ያገኘ አሜሪካዊ። ጎማው ለስላሳ ነው፣ እግር አይጎዳም፣ ለጀማሪ ቦዲቦርደር በጣም ይስማማል። ድክመቱ ግፊቱ ነው፤ ትልቅ ማዕበል ላይ ያንሳችኋል። ቫይፐር ተቃራኒው ነው። ጠጣር ነው፣ ጠርዙ ወፍራም ነው፣ ሲመቱት ወዲያው ይወረውራል። የሠራው ፍሬድ ሲምፕሰን ራሱ ቦዲሰርፈር ስለነበር ፊኑ ያንን ይመስላል። ግን ባት የሌለው ሰው ቫይፐር አድርጎ ሃያ ደቂቃ ቢመታ ጡንቻው ሽምቅቅ ይላል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በፊን የምንዋኝ ሰዎች አይደለንም። ዳክ ፊት የቆየ ሞዴል ነው፤ ሰፊና ከባድ፣ ጉልበት ላለው ቦዲሰርፈር የሚሆን። ሻንጣ ውስጥም ቦታ ይበላል።

ዳፊን መሃል ላይ ነው። ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራ፣ ቀላል፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ። ሃዋይ ያሉ የባሕር ዳርቻ ሕይወት አድን ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። ለሁለቱም ጨዋታ ያገለግላል። አንድ ጥንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የኔ ምርጫ እሱ ነው። ከማካፑ የተሻለ ይገፋል፤ እንደ ቫይፐርም እግር አይቀጣም።

ግን ከሞዴሉ በላይ ልኩን አጥብቃችሁ ያዙ። እዚያው ግዛ ያልኩት ለዚህ ነው። የማዕበል ፊን አንዱ ልክ ሁለት ሦስት የጫማ ቁጥር ይይዛል፤ ስለዚህ ቁጥር አይቶ ማዘዝ ያሳስታል። እግራችሁን አርጥባችሁ ለኩት። ደረቅ እግር የጠበበውን እንዳይገባ ያደርጋል፣ እርጥብ እግር የሰፋውን ያጋልጣል። ጣቶቻችሁ መታጠፍ የለባቸውም። የኋላው ማሰሪያ ተረከዙን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ፣ ጅማቱ ላይ ግን አይቁረጥ። ከዚያ እግራችሁን አንሥታችሁ በኃይል አራግፉ። ከተንሸራተተ ማዕበል ይነጥቃችኋል። በሁለት ልክ መሃል ከሆናችሁ ትልቁን ውሰዱና በኒዮፕሪን (ለስላሳ የዋና ልብስ ጎማ) ካልሲ አድርጉት። ካልሲው አሸዋውንም ይከላከላል፤ እኔ ያኔ ቢኖረኝ ተረከዜ ባልተላጠ።

ከሥሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ መኖሩን እዩ። አሸዋ የሚወጣው በሱ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ገመድም አብራችሁ ግዙ፤ ዋጋው ከፊኑ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የሚንሳፈፍ ፊንም ቢሆን ነጭ አረፋ ውስጥ ከጠፋ አይገኝም። በአንድ ፊን ወደ ዳርቻ መመለስ ደግሞ አድካሚ ነው፣ አንዳንዴም አደገኛ።

ወደ ድሬ ይዛችሁት ስትመለሱ ጠላቱ ሙቀቱ ነው። ጨዉን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ግንቦትና ሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በረንዳ ላይ ከተዋችሁት ጎማው ይጣመማል፤ ጫፉ ላይ አቁማችሁት ከሆነ ደግሞ እንደታጠፈ ይቀራል። የኔ የእግር ማስገቢያው አሮጌ ሽርጥ ተጠቅጥቆበት፣ አልጋ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ልጁ ከመሄዱ በፊት መጥቶ ይለካው ብዬዋለሁ። እግራችን እኩል ከሆነ ውሰደው እለዋለሁ።